የውሃ ገጽ፦ አዲስ ግንባታ ከመጠየቅ በፊት ያለውን መለካት

ጥያቄ፦ በጣና ዳርቻ ባለች ከተማ የውሃ አገልግሎት ውስጥ ኦፕሬተር ነኝ። በአሜሪካ የውሃ ድርጅቶች በፈቃዳቸው ገብተው አሠራራቸውን የሚያሻሽሉበት ፕሮግራም እንዳለ ሥልጠና ላይ ሰማሁ። ምንድን ነው? እንደ እኛ ከጉድጓድና ከምንጭ ለሚያከፋፍል ድርጅትስ ይጠቅማል?

መልስ፦ የሰሙት «ፓርትነርሺፕ ፎር ሴፍ ዋተር» ስለሚባለው ሳይሆን አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1995 የአሜሪካ የውሃ ሥራዎች ማኅበርና የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከሌሎች የሙያ ማኅበራት ጋር ሆነው ጀመሩት። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለ ተውሳክ ማጣሪያውን አልፎ ወደ 400,000 ሰው አሳሞ ነበር። ይህን ተውሳክ በተለመደው መጠን የሚጨመር ክሎሪን አይገድለውም፤ መያዝ ያለበት ማጣሪያው ላይ ነው። ማጣሪያው በደንብ መሥራቱን በየሰዓቱ የሚነግረን ደግሞ የድፍርስነት ልኬት ነው።

የአሜሪካ ደንብ ከማጣሪያዎች ተደባልቆ የሚወጣው ውሃ በወሩ ልኬቶች 95 በመቶው ላይ ከ0.3 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ ነው) እንዳይበልጥ ያዛል። ፕሮግራሙ 0.10 ይላል፤ ያውም ለእያንዳንዱ ማጣሪያ ለብቻው። ልዩነቱ የቁጥር ብቻ አይደለም። አራት ማጣሪያ አለ እንበል። ሦስቱ 0.05፣ አንዱ 0.45 ቢያሳዩ ድብልቁ 0.15 ይሆናል። በወረቀት ላይ ሁሉ ደህና ነው፤ አንዱ ማጣሪያ ግን ቆሻሻ እያሳለፈ ነው።

ሥራው አራት ደረጃ አለው። ድርጅቱ ቃል ይገባል፤ የአንድ ዓመት ልኬቱን ሰብስቦ ያስገባል፤ ራሱን ይፈትሻል፤ በመጨረሻም ግቡን ማሟላቱን ያሳያል። የሚከብደው ሦስተኛው ነው። ጉድለቱ ከዲዛይን፣ ከኦፕሬሽን፣ ከጥገና ወይስ ከአስተዳደር እንደመጣ ሠራተኛው ራሱ ይመረምራል፤ ሪፖርቱን ከሌሎች ድርጅቶች የመጡ ባለሙያዎች ያዩታል። በብዙ ቦታ «ማጣሪያው አነሰን» ተብሎ የበጀት ጥያቄ ይጻፋል፤ ሲፈተሽ ግን ከእጥበት በኋላ ማጣሪያው ቶሎ ወደ መስመር መግባቱ ወይም ድፍርስ ውሃ ለማጥራት የሚጨመረው የአልሙኒየም ሰልፌት መጠን ከክረምት እስከ በጋ አንድ ዓይነት መሆኑ ይገኛል። ይህ ያለ ግንባታ ይስተካከላል።

ለእርስዎ የሚቀርበው የፕሮግራሙ ሁለተኛ ክፍል፣ የማከፋፈያ መስመሩ ነው። ሦስት ነገር ይለካል፦ ቀሪ ክሎሪን (ተጨምሮ ሥራውን ከሠራ በኋላ ውሃው ውስጥ የሚቀረው)፣ ግፊትና የመስመር ስብራት። ነፃ ቀሪ ክሎሪን ከ0.2 ሚሊ ግራም በሊትር እንዳይወርድ፣ ግፊት ከ20 ፒኤስአይ (14 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የሚፈጥረው ግፊት ማለት ነው) እንዳያንስ ይፈለጋል። ለመጀመር የሚያስፈልገው የክሎሪን መለኪያ፣ የግፊት ጌጅና ደብተር ነው። ስብራቱን ሲመዘግቡ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የቱቦውን ዓይነትና ዲያሜትር፣ የተሰበረበትን ምክንያት ይጻፉ። «ተጠገነ» ብቻ የሚል መዝገብ ከዓመት በኋላ የትኛው መስመር መቀየር እንዳለበት አይናገርም።

ጥያቄ፦ ማጠራቀሚያችን ላይ ክሎሪን ይጨመራል፤ ቦኖ ላይ ስንለካ ግን አንዳንድ ቀን ዜሮ ነው። የክሎሪኑ ዱቄት የሚታዘዘውን ያህል ይገባል። ምን ይሆናል?

መልስ፦ መጀመሪያ ልኬቱን እንይ። ናሙናው እዚያው ቦኖው አጠገብ ይለካ፤ ቢሮ እስኪደርስ ክሎሪኑ ይቀንሳል። ውሃውን ጥቂት ያፍስሱ፣ ብልቃጡን በዚያው ውሃ ያጥቡ፣ 10 ሚሊ ሊትር ይሙሉ፣ የዲፒዲ አንድ ቁጥር ጽላት (ነፃ ክሎሪን ሲያገኝ ውሃውን ሮዝ የሚያደርግ) ከትተው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያንብቡ። ጽላቱን በጣት አይንኩት። አንድ አሳሳች ነገርም አለ፤ ክሎሪኑ እጅግ ሲበዛ ሮዝ ቀለሙ ብልጭ ብሎ ይጠፋና ዜሮ ይመስላል። ይህን ከተጠራጠሩ ናሙናውን ክሎሪን በሌለው ንጹሕ ውሃ አሥር እጥፍ አቅጥነው ይድገሙት።

ልኬቱ ትክክል ከሆነ ክሎሪኑ ወደሚንጠባጠብበት በርሜል ይሂዱ። ፓምፑ በሰከንድ 5 ሊትር ይሰጣል እንበል፤ በሰዓት 18 ሜትር ኩብ ነው። ለሊትር 1 ሚሊ ግራም ለመስጠት በሰዓት 18 ግራም ክሎሪን ይፈለጋል። በአንድ በመቶ ሙሙት (በውሃ የተሟሟ ክሎሪን) ሲሰላ በሰዓት 1.8 ሊትር፣ በደቂቃ 30 ሚሊ ሊትር ይሆናል። አንድ በመቶ ሙሙት ለማዘጋጀት ለእያንዳንዱ ሊትር 65 በመቶ የሆነውን ዱቄት 15 ግራም ያህል ይጨምሩ። ዱቄቱ ወደ ውሃ ይጨመር እንጂ ውሃ በዱቄት ላይ አይፈስ። አተላው እስኪዘቅጥ ጠብቀው ከላይ የጠራውን ብቻ ወደ ማንጠብጠቢያው በርሜል ያውርዱ፤ ነጭ አተላው ቧንቧውን የሚደፍነው እሱ ነው።

አሁን ጠዋት በርሜሉ ሙሉ ሳለ አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ ሲጎድል አንድ ጊዜ፣ የሚንጠባጠበውን በሲሊንደር ለአንድ ደቂቃ ይቀበሉ። ጠዋት 30፣ ከሰዓት 18 ሚሊ ሊትር ካገኙ ምክንያቱ ተገኘ፤ በርሜሉ ሲጎድል የሙሙቱ ግፊት ስለሚቀንስ ጠብታው ይቀንሳል። በርሜሉ ውስጥ በተንሳፋፊ የተያዘ መቅጃ ቱቦ ከተገጠመ ጠብታው ከጠዋት እስከ ማታ እኩል ይሆናል። ጠብታው እኩል ሆኖ ቀሪው አሁንም ከጠፋ ዱቄቱን ይጠርጥሩ። እርጥበትና ሙቀት ያገኘው፣ ክዳኑ ሳይጠብቅ የከረመ ዱቄት ክብደቱ እንዳለ ሆኖ ኃይሉ ያልቃል። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ።

ጥያቄ፦ ከጎርጎራ ነው። የሐይቁን ውሃ በአልሙኒየም ሰልፌት አጥርተን እንጠቀማለን። ክረምት ላይ ብዙ ጨምረንም አይጠራም።

መልስ፦ ብዙ መጨመር ሁልጊዜ አያጠራም፤ ከልክ ሲያልፍ ውሃው መልሶ ሊደፈርስ ይችላል፣ ፒኤቹንም ያወርዳል፤ ማለትም ውሃውን ወደ አሲድነት ይገፋዋል። መጠኑ በየጊዜው በማሰሮ ሙከራ ይወሰን። የአልሙኒየም ሰልፌት አንድ በመቶ ሙሙት ያዘጋጁ፤ ከእሱ 1 ሚሊ ሊትር በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 10 ሚሊ ግራም ነው። በአምስት አንድ አንድ ሊትር ዕቃ 2፣ 3፣ 4፣ 5 እና 6 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ፤ አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ 15 ደቂቃ በዝግታ ያማስሉ፤ 30 ደቂቃ ያሳርፉ። ከላይ የጠራውን ቀድተው ድፍርስነቱን ይለኩ። በአነስተኛ መጠን ጥሩ የጠራው ነው የሚፈልጉት። ዝናብ ዘንቦ ውሃው በተለወጠ ቁጥር ሙከራው ይደገማል። የጠራው ውሃ ከዚያ በኋላ ማጣራትም ክሎሪንም ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው የምኖረው። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ቡናማ ሆኖ ይመጣል። ሮቶውን እንዴት ላጽዳ?

መልስ፦ መስመሩ ባዶ ሲሆን በተሰነጠቀበት በኩል ከውጭ ቆሻሻ ሊስብ ይችላል፤ ውሃው ሲመለስ ደግሞ ቱቦው ውስጥ የተከማቸውን ዝቃጭና ዝገት ጠርጎ ያመጣል። የመጀመሪያውን ውሃ ወደ ሮቶው አያስገቡት፤ እስኪጠራ ያፍስሱ፣ ለአትክልት ይሆናል። ሮቶውን ባዶ አድርገው ጎኑን በብሩሽ ይፈትጉ፣ አተላውን ያውጡ። ከዚያ ለ1,000 ሊትር 5 በመቶ የሆነ ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት በረኪና 1 ሊትር ጨምረው በውሃ ይሙሉት። ቧንቧዎቹን ከፍተው ክሎሪኑ እስኪሸት ያፍስሱና ይዝጉ፤ አንድ ሌሊት ይደር። ያን ውሃ ማንም አይጠጣው። ጠዋት ሁሉንም ደፍተው በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው ይሙሉት። ክዳኑ ካልገጠመ ወይም የአየር መተንፈሻው ወንፊት ከሌለው ግን በወር ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ እሱን በዚያው ቀን ያሠሩ።