የፅንሱን ልብ በእንጨት ፌቶስኮፕ ማድመጥ በቂ ነው?

ጥያቄ፦ እህቴ ዘጌ ነው የምትኖረው፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል። ክትትል በምታደርግበት ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርሷ የፅንሱን ልብ የምታደምጠው በእንጨት ፌቶስኮፕ ነው። ባሕር ዳር ሆስፒታል ግን ወረቀት የሚያወጣ ማሽን አይቻለሁ። ያለ ማሽን ብትወልድ ያሰጋታል? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እህትዎ ጤናማ ከሆነችና ምጧ ቀኑን ጠብቆ በራሱ ከመጣ፣ ፌቶስኮፑ አያሰጋትም። የዓለም ጤና ድርጅትም ለእንዲህ ዓይነቷ እናት የሚመክረው በፌቶስኮፕ ወይም በዶፕለር (የልቡን ምት በድምፅ በሚያሰማ ትንሽ የእጅ መሣሪያ) በየጊዜው ማድመጥን ነው። ሲቲጂ የሚባለው ያዩት ማሽን ሆድ ላይ በቀበቶ እየታሰረ የፅንሱን ልብና ምጡን በወረቀት ይመዘግባል፤ ሳይቋረጥ ሲታሰርባት ግን በቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድሏን ይጨምራል። ይልቅ ሊያሳስብዎ የሚገባው ልቡ መቼና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚደመጥ ነው።

ማህፀን ሲኮማተር፣ ማለትም ምጥ በመጣ ቁጥር፣ ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም ለጊዜው ይቀንሳል። ጤነኛ ፅንስ ይህን ይችለዋል። የተጎዳው ግን ምጡ ከበረታ በኋላ ልቡ ይዘገያል፤ ምጡ ቢያልፍም ቶሎ አይመለስም። ስለዚህ በሁለት ምጥ መካከል ብቻ ያደመጠ ባለሙያ ችግሩን ሳያገኘው ያልፋል። ማድመጥ ያለበት ምጡ ሳለ ጀምሮ ካለፈ በኋላ ቢያንስ እስከ 30 ሰከንድ፣ በድምሩ ከ1 ደቂቃ ላላነሰ ጊዜ ነው። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት መዘግየቱን ይደብቃል። ምጡ ሲፋፋም በየ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ መግፋት ስትጀምር በየ5 ደቂቃው ይደመጣል።

ጤናማው ምት በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። ፌቶስኮፑ በፅንሱ ጀርባ በኩል ይቀመጣል፤ ጭንቅላቱ ወደ ታች ከሆነ ብዙ ጊዜ ከእምብርት ዝቅ ብሎ በግራ ወይም በቀኝ ነው። አዋላጇ በዚያው ቅጽበት የእናቲቱን የእጅ ምት ትይዛለች። ሁለቱ ከገጠሙ የሰማችው የእናትየዋን ሊሆን ስለሚችል ቦታ ቀይራ ትፈልጋለች። እባካችሁ፣ ያን ጊዜ አጠገቧ ያላችሁ ዝም በሉ፤ ድምፁ ስስ ነው።

ምጡ የሚቆጠረው እጅን ከማህፀኑ አናት ላይ አሳርፎ ነው፦ በ10 ደቂቃ ስንት ጊዜ ጠነከረ፣ እያንዳንዱስ ስንት ሰከንድ ቆየ? ከ5 ጊዜ በላይ ከሆነ ፅንሱ የሚያገግምበት ፋታ ያጣል፤ ምጥ የሚያፋጥነው መድኃኒት ኦክሲቶሲን ተሰጥቷት ከሆነ ወዲያው ይቆማል። ማሽን ቢኖርም እጅ አይቀርም። ቀበቶው ከተንሸራተተ ወረቀቱ ምጥ የሌለ ያስመስላል፤ በትክክል ቢታሰርም የምጡን ብርታት አይለካም።

ምቱ ከ110 ቢወርድ ወይም ከ160 ቢያልፍ እናትየዋ በግራ ጎኗ ትተኛለች፣ ትኩሳቷና የሽርት ውሃው ቀለም ይታያል፣ እትብት ቀድሞ አለመውጣቱ ይመረመራል። ካልተስተካከለ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ነው። የደም ግፊት ያለባት፣ ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና የወለደች ወይም ምጧ በመድኃኒት የሚፋጠን እናት ግን ከመጀመሪያው ሆስፒታል ትውለድ።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ የሚያነሳውን የጣና ሐይቅ ምጥ ከያዛት በኋላ ለማቋረጥ አታስቡ። ቀኗ ከመድረሱ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድማ የእናቶች ማቆያ ብትገባ እንመክራለን። እናንተ ምጡ የጀመረበትን ሰዓት ያዙ፣ በጀርባዋ ጠፍጣፋ አታስተኟት፣ ቶሎ ትውለድ ብላችሁ ሆዷን አትጫኑ። አረንጓዴ የሽርት ውሃ ወይም ደም ከታየ፣ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ የሚቀጥለውን የማድመጫ ሰዓት ሳትጠብቁ አዋላጇን ጥሩ።