ቻርተር፣ ቫውቸርና ዕጣ፦ ከወላጆች ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አሜሪካ ትምህርት ቤቶች ናቸው። አገር ቤት ሳለን «የግል ነው» ከተባለ «ጥሩ ነው» ማለት ነበር። ብዙዎቻችን ያንን ግምት ይዘን መጥተናል፤ እዚህ ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄዎቹን ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ልጄ ኦገስት ላይ ሦስት ዓመት ይሞላታል። ጓደኛዬ «ቻርተር አስገቢያት» ትለኛለች፤ እኔ ግን የመክፈል አቅም የለኝም። ደግሞ በሎተሪ ነው ይባላል። ብዙ ሰው የሚሻማበትን ትምህርት ቤት አንደኛ ብዬ ከሞላሁ ሌሎቹንም እንዳላጣ ፈራሁ።

መልስ፦ ክፍያው አያሳስብዎት። ቻርተር በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ የሕዝብ ትምህርት ቤት ነው፤ ነፃ ነው። የሚለየው በአስተዳደሩ ነው። የራሱ ቦርድ አለው፤ መምህራኑን ራሱ ይቀጥራል። ፈቃድ የሰጠው አካል ደግሞ ውጤቱን እያየ ያድስለታል ወይም ይዘጋዋል። ዲሲ ውስጥ በሕዝብ ትምህርት ቤት ከሚማሩት ልጆች ግማሽ የሚጠጉት ቻርተር ውስጥ ናቸው።

ሎተሪው «ማይ ስኩል ዲሲ» ይባላል። በአንድ ማመልከቻ እስከ 12 ትምህርት ቤት መምረጥ ይቻላል። እዚህ ላይ ብዙ እናቶች ስለሚሳሳቱ ረጋ ብለው ያንብቡኝ። ትምህርት ቤቶቹን በእውነት በሚወዱት ቅደም ተከተል ይጻፏቸው። አንደኛ ያሉት ባይደርስዎት ኮምፒውተሩ ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ ከባዱን በማስቀደምዎ የሁለተኛው ዕድልዎ አይቀንስም። የሚጎዱት የማይፈልጉትን አስቀድመው ሲጽፉ ነው። እሱ ከደረሰዎት ከበታቹ ያሉት ሁሉ ይሰረዛሉ። በተጠባባቂነት የሚቆዩት ከእሱ በላይ በጻፏቸው ላይ ብቻ ነው።

ልጅዎ እስከ ሴፕቴምበር 30 ሦስት ዓመት ስለሚሞላት ማመልከት ትችላለች። በዚህ ዕድሜ ግን የሰፈር ትምህርት ቤት እንኳ በአብዛኛው ቦታ የመስጠት ግዴታ የለበትም። ያ መብት የሚመጣው ልጅ አምስት ዓመት ሲሞላው ከሚገባበት ከኪንደርጋርተን ጀምሮ ነው። ስለዚህ የሰፈሩንም በማመልከቻው ውስጥ ይጻፉት። ማመልከቻው ማርች መግቢያ ላይ ይዘጋል። ካለፈዎት አሁንም ማመልከት ይቻላል፤ የሚሰለፉት ግን ከሰው ሁሉ ኋላ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነኝ፤ ሥራዬ ግን ዲሲ ነው። እህቴ እዚያ ቤት አላት። በእሷ አድራሻ ልጄን ቻርተር ባስገባውስ?

መልስ፦ እባክዎን አያድርጉት። ብዙ ሰው «ማን ያውቃል» ብሎ ይገባበታል። የዲሲ መንግሥት ይህን ይመረምራል፤ ነዋሪ ሳይሆኑ ያስተማሩ ወላጆችን ከሶ የትምህርት ክፍያውን ከነቅጣቱ ያስከፍላል። እህትዎም አብራ ትነካካለች። ቨርጂኒያ ውስጥ ቻርተር በጣም ጥቂት ነው፤ በጣት የሚቆጠር። እርስዎ ጋ ምርጫው ያለው በራሱ በአሌክሳንድሪያ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ነው። ልዩ ፕሮግራምና በሁለት ቋንቋ የሚያስተምሩ ክፍሎች እንዳሉ፣ ከሰፈር ውጭ ዝውውር የሚፈቀደው መቼ እንደሆነ ሄደው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋርላንድ፣ ቴክሳስ ነው የምንኖረው። ልጄ 9 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። አሁን የሕዝብ ትምህርት ቤት ነው የሚማረው። ወንድሜ «መንግሥት ለግል ትምህርት ቤት ብር መስጠት ጀምሯል፤ ለእንደዚህ ዓይነት ልጅ ደግሞ እስከ 30,000 ዶላር ነው፤ ቶሎ አውጣው» ይለኛል። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ ወንድምዎ ስለ ገንዘቡ ልክ ነው። «ቫውቸር» የሚባለው ይህ ነው፤ ልጅ በግል ትምህርት ቤት እንዲማር መንግሥት ለቤተሰቡ የሚሰጠው ገንዘብ። ሕጉ የተፈረመው ሜይ 2025 ነው፤ የሚጀምረው ከ2026–27 የትምህርት ዘመን ነው። ለመነሻ 1 ቢሊዮን ዶላር ተመድቦለታል። ለአንድ ተማሪ 10,000 ዶላር ገደማ ነው፤ የአካል ጉዳት ወይም ልዩ ፍላጎት ላላቸው እስከ 30,000 ሊደርስ ይችላል። 30,000 ግን ጣሪያው ነው፤ ሁሉም ልጅ ያንን ያገኛል ማለት አይደለም።

ወንድምዎ ያልነገረዎት ሌላው ግማሽ ነው። ልጅዎ ዛሬ «አይኢፒ» የሚባለው፣ ትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን ልዩ ድጋፍ የሚዘረዝር ሰነድ አለው። የንግግር ሕክምናው፣ ረዳቱ፣ ስብሰባው ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። ከጀርባው ከ1975 ጀምሮ ያለ የፌዴራል ሕግ አለ። ትምህርት ቤቱ የጻፈውን ካልፈጸመ እርስዎ ቅሬታ አቅርበው የሚከራከሩበት መብት አለዎት። በራስዎ ፈቃድ ወደ ግል ሲያዛውሩት ያ መብት አብሮት አይሄድም። የግል ትምህርት ቤቱ አይኢፒውን የመፈጸም ግዴታ የለበትም። ልጁን ላለመቀበልም ይችላል። ከተቀበለው በኋላ «አልቻልንም» ብሎ ሊመልሰውም ይችላል። «የትምህርት ቤት ምርጫ» ሲባል ወላጁ የሚመርጥ ይመስለናል፤ በግል ትምህርት ቤት ግን ትምህርት ቤቱም ይመርጣል። ይህንን የሚያስረዳን ሰው አለመኖሩ በጣም ያሳዝነኛል፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ልጆቹ ናቸውና።

አይውሰዱ እያልኩ አይደለም። ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ብቻ ተብለው የተከፈቱ ጥሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ያለዚህ ገንዘብ ደጃቸውን የማንደርሰው። ግን ከማስወጣትዎ በፊት መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። የንግግር ሕክምና በሳምንት ስንት ሰዓት? በክፍሉ ስንት ልጅ ለስንት መምህር? ቫውቸሩ የማይሸፍነው ስንት ነው? ልጁ ቢያስቸግር ምን ታደርጋላችሁ? ሦስተኛው ላይ ብዙ ቤተሰብ ይወድቃል። ትራንስፖርቱን ሳያስቡት ይቀሩና እናትየው ሥራ ትቀንሳለች። ካልሆነ ወደ ሕዝብ ትምህርት ቤት መመለስ ይቻላል፤ ሲመለስ መብቱም ይመለሳል። በመካከሉ የሚባክነው ጊዜ ግን ለእንደሱ ዓይነት ልጅ ትንሽ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነኝ። እዚህ ቻርተር በየሰፈሩ ነው። እውነት ከተለመደው ትምህርት ቤት ይሻላል? ቫውቸርስ?

መልስ፦ እርስዎ ያሉት ነገሩ በተወለደበት ከተማ ነው። የመጀመሪያውን የቻርተር ሕግ ያወጣችው ሚኒሶታ ናት፣ 1991 ላይ። የመጀመሪያው ቻርተርም በ1992 የተከፈተው ሴንት ፖል ነው።

ጥሩዎቹ ጥናቶች ዕጣ የወጣላቸውን ልጆች ካልወጣላቸው ጋር ያወዳድራሉ። ሁሉም ወላጅ አመልክቷልና ልዩነቱ የወላጅ ትጋት ነው ማለት አይቻልም። በዚህ መንገድ ሲታይ ቦስተን ውስጥ ቻርተር የገቡ ልጆች በሒሳብ በጣም ተሻሽለዋል። በዚያው መለኪያ ሉዊዚያና ውስጥ ቫውቸር ያገኙት ልጆች በሒሳብ ወደ ኋላ ቀርተዋል። እዚያ ቫውቸሩን የተቀበሉት በአብዛኛው ተማሪ እየሸሻቸው የነበሩ የግል ትምህርት ቤቶች ናቸው። በዲሲ የፌዴራል ቫውቸር ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት የሒሳብ ውጤት መውረዱን፣ በሦስተኛው ዓመት ግን ልዩነቱ መጥፋቱን አሳይቷል። በኢንተርኔት ብቻ የሚያስተምሩ ቻርተሮች ውጤታቸው በጣም መጥፎ ነው። ከእነሱ ይራቁ።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ውጤቱ በአደባባይ የሚታይና ልጆችን እየመረጠ የማይቀበል ቻርተር ቢስፋፋ ደስ ይለኛል። የሕዝብ ገንዘብ ተቀብሎ የማንንም ጥያቄ የማይመልስ ትምህርት ቤት ግን አልደግፍም። አሪዞና 2022 ላይ ቫውቸሩን ገቢ ሳይለይ ለሁሉም ስትፈቅድ መጀመሪያ ከወሰዱት አብዛኞቹ ልጆቻቸው ከፊቱም የሕዝብ ትምህርት ቤት ውስጥ ያልነበሩ ናቸው። ያ ገንዘብ የተቸገረውን ልጅ አልደረሰም።

ቻርተር ሲያዩ የገንዘብ ሁኔታውንም ይጠይቁ። 2024 ላይ ዲሲ ውስጥ አንድ ቻርተር ትምህርት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩ ተዘግቶ ወላጆች ሜዳ ላይ ቀርተዋል።

ጥያቄ፦ ቤተ ክርስቲያናችን ሰፊ አዳራሽ አላት። አማርኛና ሃይማኖት የሚያስተምር ቻርተር ብንከፍትስ?

መልስ፦ አማርኛውን አዎ፣ ሃይማኖቱን አይቻልም። ኦክላሆማ ውስጥ አንድ የካቶሊክ ቻርተር ሊከፈት ሲል የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከለከለው። 2025 ላይ ዋሽንግተን ያለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት 4 ለ 4 ስለተከፈለ እገዳው ጸና። ቫውቸር ግን ሌላ ነው፤ ይኸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 በክሊቭላንድ ቫውቸር ላይ ከሰጠው ውሳኔ ወዲህ ወላጅ ቫውቸሩን ይዞ የሃይማኖት ትምህርት ቤት መሄድ ይችላል። ዲሲ ውስጥ በቻይንኛ፣ በስፓኒሽና በዕብራይስጥ የሚያስተምሩ ቻርተሮች አሉ። በአማርኛ የሚያስተምር የማይኖርበት ምክንያት አይታየኝም። አዳራሽ ግን ትንሹ ነገር ነው። የሚከብደው ትምህርት ቤት መርተው የሚያውቁ ሰዎችን፣ የሒሳብ ባለሙያንና ልጆቻቸውን የሚያስመዘግቡ ቤተሰቦችን ማግኘት ነው። ማመልከቻው ላይ የሚታየው ይህ ነው። ሃይማኖቱን ቅዳሜና እሑድ እንደ ወትሮው ያስተምሩ።

ጥያቄ፦ እህቴ ከሁለት ልጆቿ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ጋ ገባች። ወረቀቷ ገና ነው። ልጆቹን ማስመዝገብ ፈርታለች።

መልስ፦ ነገውኑ ታስመዝግባቸው። ከ1982 ጀምሮ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ አለ፤ የሕዝብ ትምህርት ቤት ልጅን በኢሚግሬሽን ወረቀት ምክንያት መከልከል አይችልም። ቻርተርም እንደዚሁ። የሚጠይቋት የመኖሪያ ማስረጃ፣ የልጆቹን ዕድሜ የሚያሳይ ወረቀትና ክትባት ነው። ያለችው እርስዎ ቤት ስለሆነ የእርስዎን የቤት ውል ይዘው አብረዋት ይሂዱ። እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች ድጋፍ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ለእሷም አስተርጓሚ በነፃ ያቀርቡላታል፤ ከቀጠሮው ቀደም ብላ «አማርኛ እፈልጋለሁ» ትበል።