«የሲስተሙ ፍላጎት» ወይስ «የሲስተሙ መስፈርት»?

ጥያቄ፦ ሶፍትዌር መሥራት ከመጀመራችን በፊት ተጠቃሚዎችን አነጋግረን በምናዘጋጀው ሰነድ ላይ አንዳንዶቻችን «የሲስተሙ ፍላጎቶች»፣ ሌሎቻችን «የሲስተሙ መስፈርቶች» ብለን እንጽፋለን። ትክክሉ የትኛው ነው? ዓረፍተ ነገሮቹስ በ«ይችላል» ይጨረሱ ወይስ በ«አለበት»?

መልስ፦ ሁለቱም ደኅና አማርኛ ናቸው፤ ስሕተቱ አንዱን በሌላው ቦታ ማስገባቱ ነው። «ፍላጎት» ከ«ፈለገ» የወጣ ስለሆነ ባለቤቱ ፈላጊው ሰው ነው፤ ሲስተም ምንም አይፈልግምና «የሲስተሙ ፍላጎት» ሲባል ጆሮዬ አይቀበለውም። «መስፈርት» ግን እህል ሰፈረ፣ የሰፈረበትም ዕቃ መስፈሪያ ነው ከምንልበት ከ«ሰፈረ» የመጣ በመሆኑ በውስጡ መለካት አለበት። ስለዚህ ከተጠቃሚው የሚሰበሰበው ፍላጎት ነው፤ ተጣርቶ፣ ሥራው ሲያልቅ ተሟልቷል ወይም አልተሟላም ሊባልበት በሚችል ቃል ሲጻፍ መስፈርት ይሆናል። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ «ሪፖርቱ ቶሎ እንዲወጣልኝ እፈልጋለሁ» ብትል ፍላጎቷን ነገረችን፤ «ሲስተሙ የወሩን ሪፖርት በ5 ሴኮንድ ውስጥ ማሳየት አለበት» ብለን ስንጽፍ ሰፈርነው። ታዲያ «ቶሎ» ያለችው ለእሷ ስንት እንደሆነ መልሶ መጠየቅ ይገባል፤ ጸሐፊው 5 ሴኮንዱን ከራሱ አምጥቶ ከሆነ የሰፈረው የእሷን ፍላጎት አይደለም።

ወደ ማሰሪያ አንቀጹ ስንመጣ፣ «ይችላል» ችሎታንም ፈቃድንም ስለሚሸከም «ሲስተሙ መልእክት መላክ ይችላል» የሚለውን አንዱ ፕሮግራመር ግዴታ ነው ብሎ ይሠራዋል፣ ሌላው አማራጭ ነው ብሎ ይተወዋል። የኢንተርኔትን የአሠራር ደረጃዎች በእንግሊዝኛ የሚጽፉትም እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው አርኤፍሲ 2119 በተባለ ሰነድ የግዴታ፣ የምክርና የአማራጭ ቃላትን ትርጉም ለይተው ወስነዋል። እኛም በሰነዱ መግቢያ ላይ ለግዴታ «አለበት»፣ ለምክር «ይመረጣል»፣ ለፈቃድ «ይችላል» ብለን ወስነን እስከ መጨረሻው በዚያው ብንጸና መልካም ነው።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ያልተጠየቅሁት «ሁሉም» ነው። «ሁሉም ሠራተኞች መዝገቡን መሰረዝ አይችሉም» የሚለው፣ ማንም አይችልም ማለት ነው ወይስ የሚችሉት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው ማለት? በንግግር ጊዜ የድምፃችን አወራረድ ይለየዋል፤ በጽሑፍ ላይ ግን ድምፅ የለም፤ አሻሚነቱም ሳይታወቅ እስከ ኮዱ ድረስ ይዘልቃል። «ማንም ሠራተኛ መዝገቡን መሰረዝ አይችልም» ወይም «መዝገቡን መሰረዝ የሚችለው የክፍሉ ኃላፊ ብቻ ነው» ብሎ መጻፍ ሁለት ቃል ቢያስጨምር ነው።

አድራጊውን የሚሰውሩ ተደራጊ ግሶችም እንዲሁ ናቸው። «የፈቃድ ጥያቄው ይጸድቃል» የሚለው ሲነበብ ምንም የጎደለው አይመስልም፤ ጉድለቱ የሚታየው ዩዝ ኬዝ ዲያግራም፣ ማለትም ማን በሲስተሙ ምን እንደሚሠራ የሚያሳየውን ሥዕል፣ ስንሥል ነው። «ጥያቄ ማጽደቅ» ብለን ለሥራው በሚሣለው ሞላላ ቅርጽ ውስጥ ከጻፍን በኋላ ከአንድ አክተር፣ ማለትም ሥራውን ከሚያከናውነው ተጠቃሚ፣ ጋር በመስመር ልናገናኘው ስንል ዓረፍተ ነገሩ አጽዳቂውን እንዳልነገረን እንረዳለን። ያን ጊዜ ወደ ተጠቃሚዎቹ ተመልሶ «የሚያጸድቀው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም «የክፍሉ ኃላፊ የፈቃድ ጥያቄውን ያጸድቃል» ብሎ በአድራጊ ግስ መጻፍ ያስፈልጋል።