ለአዳራሽ ቃል ገብቻለሁ፣ እናቴ ደግሞ ዓይኗ ታሟል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አገለግላለሁ። ለአዳራሽ ማሠሪያ ጉባኤ ፊት ቃል ገብቼ በየወሩ ከደመወዜ እከፍላለሁ። አሁን እናቴ የዓይን ሞራ አለብሽ ተብላ ቀዶ ጥገና ታዟል፤ ሁለቱን አልችልም። መሪዎቼን ሳማክር "ለእግዚአብሔር የተባለ አይነካም፣ መክብብ 5ን አንብቢ" አሉኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን አሳክሚ።

ጥቅሱ እውነት ነው፣ መክብብ ስእለትህን ለመፈጸም አትዘግይ ይላል፣ እኔም ቃል ገብቶ ዘወር ማለትን አልወድም። ግን ማርቆስ 7ን ክፈቺ። ፈሪሳውያንና ከኢየሩሳሌም የመጡ ጻፎች "ደቀ መዛሙርትህ ለምን እጃቸውን ሳይታጠቡ ይበላሉ?" ብለው ሲከሱ፣ ጌታ የገንዘባቸውን ጉዳይ አነሣባቸው። ሰው ለአባቱና ለእናቱ "ከእኔ የምታገኙት ሁሉ መባ ሆኗል" ካለ፣ ከዚያ ወዲያ እንዲረዳቸው አትፈቅዱለትም፣ በወጋችሁ የእግዚአብሔርን ቃል ሻራችሁ አላቸው። ያንቺው ጉዳይ ቁጭ ብሎልሻል። መስጠትን ግን አልነቀፈም። ማቴዎስ 23፥23 ላይ ዐሥራቱንም አልሻረም፤ የነቀፋቸው ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን ስለተዉ ነው።

እኛ ወንጌላውያን የሰው ወግ ሲባል ጣታችን ቶሎ ወደ ጎረቤት ቤተ ክርስቲያን ይቀሰራል። የራሳችን ገና አዲስ ስለሆነ ወግ አይመስለንም። በማይክ ስም እየጠሩ ቃል ማስገባት፣ ያልከፈለውን በጎሪጥ ማየት፣ ይህን ክርስቶስ የት ነው ያስተማረን? እሱማ መስቀል ላይ ተሰቅሎ እንኳ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጥቷል (ዮሐንስ 19)። ከዚያ የሚበልጥ የጌታ ሥራ አለኝ የሚል ካለ እስቲ ይምጣ።

ለመሪዎችሽ በግልጽ ንገሪያቸው፦ ቃሌን አላጠፍኩም፣ እናቴ ትታከም፣ ከዚያ እቀጥላለሁ። ደህና እረኛ ይህን ሰምቶ እንዲያውም ጸሎትና የታክሲ ብር ጨምሮ ይልክሻል። ካኮረፉ ደግሞ 1 ጢሞቴዎስ 5፥8ን አብራችሁ አንብቡ፤ ለቤተሰቡ የማያስብ ከማያምን ሰው የከፋ ነው ይላል፣ ጳውሎስ እዚህ ጋ ምንም አላለሳለሰም።

ወጪው ከከበደሽ የመንግሥት ሆስፒታል የዓይን ክፍል ጠይቂ፤ አንዳንዴ የነጻ የሞራ ቀዶ ጥገና ዘመቻም ይኖራል። ሞራ ሲቆይ ስለሚጠነክር ቀጠሮውን ቶሎ አስይዢ።