ጎንደር ላይ ኮምፒውተር በውሃ ማቀዝቀዝ ያዋጣል ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼዋለሁ። ራይዘን 7 5800ኤክስ ፕሮሰሰር እና አርቲኤክስ 3080 ግራፊክስ ካርድ አለኝ፣ ማራኪ ነው የምኖረው፣ ራሴ ገጣጥሜ በውሃ ባቀዘቅዘው ያዋጣኛል ወይ ነው ያልከው። እኔ ፒያሳ አካባቢ ቤቴ ገጣጥሜ ሁለት ዓመት አልፎኛል፣ ያየሁትን ልንገርህ።

ለጨዋታ ፍጥነት ብቻ ከሆነ አያዋጣም። ደህና የአየር ማቀዝቀዣ ይበቃሃል፣ የተረፈውን ብር ሌላ ነገር ላይ አውለው። ጫጫታው ካስመረረህና መገጣጠሙን ራሱ ከወደድከው ግን ግባበት። እኔን ያስገባኝ ጫጫታው ነው። ማታ ስጫወት ፋኖቹ ሲጮሁ እናቴ ከወዲያኛው ክፍል ትነቃ ነበር። አሁን ሰላም ነው።

ብዙ ሰው ውሃው ሙቀቱን የሚያጠፋው ይመስለዋል። ውሃ ተሸካሚ ነው፣ ከካርዱና ከፕሮሰሰሩ ተቀብሎ ራዲያተሩ ጋ (ፋን የሚነፋበት የብረት ማቀዝቀዣ) ያደርሰዋል፣ ከዚያ የሚያወጣው ያው አየር ነው። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፣ አየሯ ስስ ነው፣ ስለዚህ አንድ ፋን ቆላ ላይ የሚያወጣውን ያህል ሙቀት እዚህ አያወጣም። ደግነቱ ከተማችን ሞቃት አይደለችም። ካርድህ ብቻውን 320 ዋት ነው፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ደግሞ 105 ዋት ተጽፎበታል። አንድ ባለ 360 እና አንድ ባለ 240 ሚሊሜትር ራዲያተር አድርግ፣ ያኔ ፋኖቹ በዝግታ እየዞሩ ይበቁሃል። በጋ ላይ አቧራውን ቶሎ ቶሎ አራግፍ።

አሁን ዋናው ነገር። ራዲያተር ስትገዛ ከምን እንደተሠራ ሳትጠይቅ ብር አትክፈል። እኔ ያገለገለ ራዲያተር በርካሽ አገኘሁና ደስ ብሎኝ ገጠምኩት፣ ለካ አሉሚኒየም ነው። ብሎኮቹ፣ ማለትም ካርዱና ፕሮሰሰሩ ላይ ተገጥመው ውሃ የሚያልፍባቸው ክፍሎች፣ መዳብ ናቸው። ሁለቱ በአንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ እየተበላ ይሄዳል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሙቀቱ ያለ ምክንያት መጨመር ጀመረ፣ ብሎኩን ስፈታው ስስ ክፍተቶቹ በነጭ ዝቃጭ ተደፍነዋል። ሁሉንም ፈትቼ ማጠብ ነበረብኝ፣ ራዲያተሩም ተጣለ። መዳብና ናስ ብቻ ይሁን፣ በቃ።

ውሃው ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ይሁን፣ የአልጌ መከላከያ ጨምርበት፣ በዓመት አንዴ ቀይረው። የቧንቧ ውሃ ማዕድን ስላለው ደለል ይሠራል። የባትሪ ውሃ የምትገዛ ከሆነ አሲድ የተቀላቀለበት አለመሆኑን አረጋግጥ፣ ጠርሙሳቸው ይመሳሰላል።

ውሃ ስትሞላ ማዘርቦርዱም ካርዱም ኮረንቲ እንዳያገኙ ገመዳቸውን ንቀል። ፓወር ሰፕላዩን (ለኮምፒውተሩ ኮረንቲ የሚሰጠውን) ለብቻው አስነስተህ ውሃውን የሚያዘዋውረውን ፓምፕ ብቻ አዙር፣ በየመጋጠሚያው ሥር ሶፍት አንጥፍ፣ 24 ሰዓት ተወው። ፓምፑ ደግሞ ለአፍታም ቢሆን በደረቁ አይዙር፣ ይቃጠላል። እኔ አንዷን ፊቲንግ (የቱቦ ማያያዣ) በፒንሳ አጥብቄ ጎማዋን ቆርጫት ነበር፣ ጠዋት ስነሳ ካርዱ ላይ ያለው ሶፍት ርሷል። ኮረንቲ ስላልነበረው አደረቅኩት፣ ዛሬም ይሠራል። ፊቲንግ በእጅ ነው የሚጠብቀው። ትርፍ ጎማዎችም አብረህ አስመጣ፣ እዚህ ፈልጌ አላገኘሁም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ለስላሳውን ቱቦ ምረጥ፣ ጠንካራውን ማጠፍ ብዙ ያበላሻል።

መብራት ሲሄድ ፓምፑም ኮምፒውተሩም እኩል ስለሚጠፉ ከውሃው በኩል ስጋት የለም። የሚያስፈራው መብራቱ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ብሎ ሲመጣ ነው፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዝ መሣሪያ) አትለፍ። የፓምፑን የፍጥነት ገመድ የፕሮሰሰር ፋን ቦታ ላይ ሰካው፣ ፓምፑ ቢቆም ማዘርቦርዱ ያስጠነቅቅሃል።

የካርዱን ብሎክ ግን ገና አትዘዝ። 3080 ሁሉ አንድ አይደለም፣ ሰሌዳው እንደ አምራቹ ይለያያል፣ ብሎኩም ለዚያው ሞዴል የተሠራ መሆን አለበት። ከካርዱ ጀርባ ያለውን ሙሉ ስም እዚህ ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።