መልስ፦ የኮዱ ፈተና (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚያጣራው ፕሮግራም) በኮምፒውተሬ ላይ ያልፋል፣ በፕሮጀክቱ ሰርቨር ላይ ግን ይወድቃል

መጀመሪያ የፋይሎችህን ስም ተመልከት። አንተ በዊንዶውስ እየሠራህ ሰርቨሩ ሊኑክስ (ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና) ከሆነ፣ በኮዱ ውስጥ የጠራኸው ስም በአንድ ትልቅ ፊደል ቢለይ እንኳ ፋይሉ «አልተገኘም» ይባላል። ዊንዶውስ ልዩነቱን ያልፈዋል፤ ሊኑክስ ግን ሁለት ፋይሎች አድርጎ ይቆጥራቸዋል።

ይህ ካልሆነ፦

1. የውድቀቱን መዝገብ ከፍተህ የመጀመሪያውን ስህተት አንብብ፤ ከሥሩ የተደረደሩት ብዙውን ጊዜ የእሱ ውጤቶች ናቸው።
2. ኮድህ የሚጠቀምባቸውን የላይብረሪዎች (ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) ስሪት ከሰርቨሩ ጋር አመሳስል።

አንድ አደራ፦ ለማለፍ ብለህ የወደቀውን ፈተና አትሰርዝ። የሌሎችን ኮድ ስገመግም ቶሎ የምቀበለው ስህተቱን የሚያጋልጥ አዲስ ፈተና ከነማስተካከያው ይዞ የመጣውን ነው። የአንተንም ከመላክህ በፊት ማስተካከያውን ለጊዜው አንሥተህ አዲሱ ፈተና በእርግጥ መውደቁን አረጋግጥ።