ሰማያዊው ሳጥን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዳማ ውስጥ ቶርኖ ቤት ነው የምሠራው። ከዲ2 (የመሣሪያ ብረት) የተሠሩ ፓንቾች፣ ማለትም መብሻዎች፣ ሂት ትሪትመንት (በእሳት ማጠንከሪያ) ገብተው መጡልን። ጥንካሬያቸው 60 ሮክዌል ሲ፣ ዲያሜትራቸው 40.3 ሚሊ ነው። ወደ 40 ማውረድ ብቻ ነው የቀረኝ። ሁልጊዜ የምንሠራበትን ካርባይድ ኢንሰርት (ተቀያያሪ የመቁረጫ ስለት) አስሬ ገባሁበት። ግማሽ ሳይደርስ መጮህ ጀመረ። ስለካው ጫፉ ላይ 40.00፣ ቻኩ (ሥራውን የሚይዘው መንጋጋ) ጋ 40.06 ሆነ። ማሽኑ ነው ወይስ እኔ ነኝ?

መልስ፦ ማሽኑንም ራስህንም ተዋቸው። ስለቱ እየሄደ እያለቀ ነው፤ ባለቀ ቁጥር ዲያሜትሩ ይወፍራል። የኢንሰርቱን ሳጥን ቀለም አልጻፍክልኝም፣ ግን ሰማያዊ ነው ብዬ እወራረዳለሁ። ሰማያዊ ለተራ ብረት ነው። እሳት ቀምሶ ለጠነከረ ብረት የሚሆነው ግራጫው ነው። ስንቱ ቶርኖ ቤት ቁጥሩን አይቶ ቀለሙን ሳያይ ይገዛል!

ዲ2 ውስጥ 12 በመቶ ገደማ ክሮሚየም፣ 1.5 በመቶ ገደማ ካርቦን አለ። ሁለቱ ተገናኝተው ከብረቱ የባሰ የጠነከሩ ጥቃቅን ቅንጣቶች ይሆናሉ። ኢንሰርትህ የብርጭቆ ወረቀት ላይ እንደሚሄድ ነው የሚፋቀው። የአንተ ደግሞ ስለቱ ሹል ነው። ለለስላሳ ብረት ግሩም፣ 60 ላይ ግን ይሸረፋል። ለጠንካራ ብረት የሚሠራው ኢንሰርት ሹል ጠርዙ ሆን ተብሎ 0.1 ሚሊ ያህል በ20 ዲግሪ ዘንበል ተደርጎ ይሞረዳል። ሲያዩት ዶልዱም ይመስላል። አንድ ልጅ ገና ሳያስረው «ጋሼ፣ ያለቀ ሸጡልን» ብሎ ሊመልስ ሲል በር ላይ ነው የያዝኩት።

ፓንቹ ብዙ ከሆነ የሲቢኤን (ኩቢክ ቦሮን ናይትራይድ) ኢንሰርት ግዛ። ከአልማዝ ቀጥሎ የሚጠነክር ነው። አልማዙ ራሱ አይሆንም፤ ሲግል ካርቦኑ ብረቱ ውስጥ ይሟሟል። ሻጩ «90 በመቶ ሲቢኤን ያለው ይሻላል» ቢልህ እሺ አትበል። ሳይቆራረጥ ለሚሄድ ፊኒሽ (የመጨረሻ ማለስለሻ) ሥራ ግማሽ አካባቢ ሲቢኤን፣ ቀሪው ሴራሚክ የሆነው ነው የሚበልጠው።

በሲቢኤን ስትቆርጥ ፍጥነቱን በደቂቃ 120 ሜትር አድርገው። 40 ሚሊ ላይ 950 ዙር ገደማ ይመጣል። ፊድ (ስለቱ በአንድ ዙር የሚራመደው) 0.1 ሚሊ። በጎን የምታነሳው 0.15 ብቻ ስለሆነ 0.1 ውሰድ፣ ልካ፣ ከዚያ ቀሪውን ጨርስ። የኢንሰርቱ ቁጥር መጨረሻ 08 ከሆነ የጫፉ ክብነት 0.8 ሚሊ ነው፤ በዚያው ፊድ 04 ከሚሰጥህ ገጽታ እጥፍ ያህል የለሰለሰ ታገኛለህ። ፓንቹ ቀጭንና ረጅም ከሆነ ግን 08 ይገፋውና ያንቀጠቅጠዋል። ያኔ በ04 ቻለው።

ውሃ እንዳታፈስበት! የመጀመሪያዬን ሲቢኤን የገደልኩት እንደዚያ ነው። ፍቅፋቂው ቀይ ሆኖ ሲወጣ ደነገጥኩና ኩላንት (ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) በብሩሽ ነካ ነካ አደረግኩበት። ስለቱ ተሰነጠቀ፣ ዋጋው ከደመወዜ ተቆረጠ። ቀይ መሆኑ ደግ ነው፤ ሙቀቱ ከፍቅፋቂው ጋር እየወጣ ነው ማለት ነው። ብቻ በእጅህ እንዳትነካው፣ በመንጠቆ ሳበው።

ሁለት ፓንች ብቻ ከሆነ ለሲቢኤን ብር አታውጣ። ግራይንደር (በድንጋይ ሞርዶ ልክ የሚያወጣ ማሽን) ያለው ጋ ውሰደው። እሱም ካልተገኘ ግራጫውን ካርባይድ ገዝተህ በ300 ዙር ሂድበት፣ ለእያንዳንዱ ፓንች ኢንሰርቱን ወዳልተነካ ጥግ አዙረው።

ሰማያዊውን ግን አትጣለው። የሚቀጥለው ፓንች እሳት ሳይገባ በፊት የምትቆርጠው በእሱ ነው።